ከምሰሶ ወደ ጠረጴዛ፤ የአሮጌ እንጨት ታሪክ ከወንጪ እስከ አዲስ ዓለም

የጽሕፈት ጠረጴዛ በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ዕቃ ነው። የአገሪቱ የጽሕፈት ባህል ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ቢኖረውም፣ የብራና መጻሕፍቱ የተጻፉት ያለ ጠረጴዛ ነው። ቁም ጸሐፊው በመሬት ወይም በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የጥቁሩንና የቀዩን ቀለም ቀንድ ከአጠገቡ በመሬት ተክሎ ሥራውን ይሠራ ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚገኘው አትሮንስ የተሠራው ለንባብ እንጂ ለጽሕፈት አይደለም። በየቤቱ የነበረው የእንጨት ዕቃም በርጩማ፣ ገበታና ሙቀጫ ነበር፤ ይኸውም በአብዛኛው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ ከሳንቃ ተገጣጥሞ የሚሠራ አልነበረም። «ጠረጴዛ» የሚለው ቃል ራሱ መሠረቱ ግሪክ ሆኖ በዐረብኛ በኩል አልፎ የመጣ መሆኑ የዕቃውን እንግድነት ይመሰክራል።

ጠረጴዛን በአገሩ ያስለመደው መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ በተከታዩም ዓመት በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ መዝገብ የሚገለጥበትና ተማሪ ደብተሩን የሚዘረጋበት ጠፍጣፋ እንጨት የግድ አስፈለገ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተሾመ ሹም፣ የተቀጠረ ጸሐፊና የተመደበ መምህር ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ስለዚህ የቢሮና የትምህርት ቤት መስፋፋት ታሪክ በሌላ ገጹ ሲነበብ የደን ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍም የዋና ከተማዋን እንጨት ለብዙ ዘመን ሲያቀርብ የኖረውን የምዕራብ ሸዋን አገር መሠረት በማድረግ፣ ጠንካራው እንጨት ከጫካ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ጠረጴዛ የተጓዘበትን መንገድ ይመለከታል። (ሌላ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ከፍታውና ዛፉ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚወርድ፣ ከአምቦም ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ ወንጪ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ የሸዋን የእንጨት ዓይነት በሙሉ ሊያስተውል ይችላል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የወንጪ ሐይቅ የተኛበት የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ዳርቻው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ቦታው ቀደም ሲል የጅባትና ሜጫ እንዲሁም የጨቦና ጉራጌ አውራጃዎች በሚዋሰኑበት አካባቢ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ይገኛል። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በገደሉ ግድግዳም ላይ የጥንቱ ደን ቅሪት እስከ ዛሬ ይታያል።

እንጨት እንደ ከፍታው ይለያያል። በአምቦ ዙሪያ ባለው ወይና ደጋ ዋንዛ ይበቅላል። ከአምቦ በስተደቡብ ምዕራብ በጅባት ደን ቀረሮና ጥቁር እንጨት ይገኛሉ። ወደ ወንጪ ሲወጣ ዋንዛ ይቀርና ጥድ፣ ኮሶና አስታ ይተካሉ፤ ወይራም በየገደሉ ይታያል። የአገሩ ሕዝብ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በመሆኑ በየገበያው እንጨት ሁለት ስም አለው፤ ዋንዛ ዋዴሳ፣ ወይራ ኤጀርሳ፣ ኮሶ ሄቶ፣ ጥድ ጋቲራ፣ ዝግባም ቢርቢርሳ ይባላል። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ የቦታ መጠሪያ ሆነው ቀርተዋል። በምዕራብ ሸዋ ኤጀርሳ ላፎ የተባለ ወረዳ አለ፤ በአዲስ አበባም የአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ በቀድሞ ዘመን ቢርቢርሳ ይባል ነበር። ዛፉ ከጠፋ በኋላ እንኳ ስሙ የት ቆሞ እንደነበረ ይናገራል።

በባለሙያዎች ዘንድ አንድ ነጥብ ሊለይ ይገባል። ጥድና ዝግባ ቅጠላቸው መርፌና ቀጭን የሆነ፣ አበባ የማያወጡ ዛፎች ስለሆኑ በዕፅዋት ሳይንስ አመዳደብ ከለስላሳ እንጨቶች ወገን ይቆጠራሉ፤ ምንም እንኳ የጥድ ምሰሶ ምስጥን በመቋቋም ከብዙዎቹ ቢበልጥ። በትክክለኛው አነጋገር ጠንካራ እንጨት የሚባሉት ቅጠለ ሰፊዎቹ ዋንዛ፣ ቀረሮ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨትና ወይራ ናቸው። እነዚህም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ዋንዛ መካከለኛ ክብደት ያለው፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ቀለሙም በዕድሜ ብዛት ወደ ወርቃማ ቡናማ የሚያደላ በመሆኑ ለጠረጴዛ ተወዳዳሪ የለውም። ኮሶ ቀላ ያለ መልክ አለው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ዛፉን የሚያውቀው እንጨቱን ሳይሆን በአበባው የኮሶ ትልን በሚያወጣው መድኃኒትነቱ ነው። ጥቁር እንጨት ከባድና ጠንካራ ቢሆንም በመድረቅ ላይ ሳለ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል። ወይራ ደግሞ ክብደቱ የውኃን ያህል በመሆኑ የመጋዝ ጥርስን ያደንዛል።

የዋና ከተማዋ የእንጨት ችግር

የምዕራብ ሸዋ ደን የመንግሥትን ዓይን የሳበው ከጥንት ጀምሮ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው በመናገሻ ተራራ አስተክለዋል። ዝርዝሩ ምንም ይሁን ምን፣ የመናገሻ ደን የነገሥታት ጥበቃ የተደረገለትና ከአዲስ አበባ መቆርቆር በኋላም ለከተማዋ የጥድ እንጨት ያቀረበ መሆኑ የታወቀ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን ለብዙ ዓመት አልበቃትም። የቤተ መንግሥቱ ማዕድ ቤት፣ የሠራዊቱ ሰፈርና በየዕለቱ የሚጨምረው ነዋሪ ማገዶና የቤት እንጨት ይሻማ ስለነበር፣ እንጨት ከሩቅ በሰውና በአጋሰስ ጫንቃ ይመጣ ጀመር። በቀድሞው ልማድ የአካባቢው ማገዶ ሲያልቅ የንጉሡ ከተማ ትነሣ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ይህንኑ ልማድ ተከትለው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ኤጄሬ በተባለው ስፍራ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድም በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆነ።

ይሁንና መናገሻ ከተማዋ ሳትነሣ ቀረች። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት ማደጉ ሲታይ፣ በአዲስ አበባም ጠንካራ የድንጋይ ቤቶች ተሠርተው ስለነበር፣ ዋና ከተማዋ በቦታዋ እንድትጸና ተወሰነ። በአዲስ ዓለም ለንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእንጨት ባለሙያ ትልቅ ቁም ነገር ይገኛል። ለአንድ ዓላማ የተጀመረው ሕንፃ ዓላማው ሲቀር አልፈረሰም፤ የተደከመበት ሥራ ሌላ አገልግሎት ተሰጠው። እንጨት አጥታ ልትነሣ የነበረች ከተማ ጥላው የሄደችው ሕንፃ፣ የተሠራን ነገር መልሶ የመጠቀም ምሳሌ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ባሕር ዛፍ የማገዶንና የቤት መሥሪያ ወጋግራን ችግር አቃለለ። የጠረጴዛን ጥያቄ ግን አልመለሰም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ በውስጡ የታመቀ ውጥረት አለበት፤ ሲሰነጠቅ ይጣመማል፣ ሲደርቅ ይተረተራል። ስለዚህ የከተማዋ ጎጆ በባሕር ዛፍ ሲሠራ፣ የመሥሪያ ቤቷ ጠረጴዛ በዋንዛ፣ በቀረሮና በዝግባ መሠራቱን ቀጠለ።

መሣሪያውና ቋንቋው

አናጢነት በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሙያ ነው። መጥረቢያ፣ መሮና መዶሻ ያለው አናጢ ቤተ ክርስቲያን አንጿል፤ በርና መስኮት አበጅቷል። ሳንቃ ማውጣት ግን አድካሚ ነበር። ግንድ በሽብልቅ ተሰንጥቆ፣ በመጥረቢያ ተጠርቦ ከአንድ ትልቅ ዛፍ የሚገኘው ሳንቃ ጥቂት ነበር። ከዚህም የተነሣ የሳንቃ በር የባለጸግነት ምልክት ነበር፤ ባለቤቱ ቤት ሲለውጥ በሩን ነቅሎ መሄዱም የሚያስደንቅ አልነበረም።

የኢጣልያ ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገር ላይ ካደረሰው መከራ ጎን ለጎን በሞተር የሚሠሩ መጋዞችንና የአናጢነት ወርክሾፖችን አስፋፍቶ አለፈ። ለጦር ሰፈር፣ ለድልድይና ለመንገድ ሥራ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያለው ደን ክፉኛ ተጨፈጨፈ። በወርክሾፑም ውስጥ ቋንቋው ቀረ። ዛሬም አናጢው እንጨቱን በሞርሳ ያስራል፣ በኮላ ያጣብቃል፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ያጠብቃል፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍናል፤ ሳንቃውንም ጣውላ ይለዋል። እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛና ከሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች የተገኙ ቃላት ናቸው። መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና መጥረቢያ ግን በቀድሞ ስማቸው ጸንተዋል። በዚህ መሠረት የአንድ አናጢ የመሣሪያ ሣጥን ሲከፈት ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ተኝቶ ይገኛል።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራን በሥርዓት ማስተማር ጀመረ። በአምቦም የእርሻ ትምህርት ቤት በ1940 ዓ.ም. ዙሪያ ተከፍቶ ከተማዪቱ የትምህርት ማዕከል ወደ መሆን አመራች። ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር የጠረጴዛና የዴስክ ፍላጎት እያደገ ሄደ፤ የዛፉ ዕድገት ግን በዚያው ልክ ሊፈጥን አልቻለም። አንድ የዋንዛ ዛፍ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ አሠርት ዓመታት ሲፈጅ፣ አንድ ወርክሾፕ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

ደኑና ሕጉ

ስለ ኢትዮጵያ ደን መመናመን ሲነገር «ከመቶ 40 እጅ የነበረው ከመቶ 3 እጅ ሆነ» የሚለው አባባል ለብዙ ጊዜ ሲደጋገም ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በእ.ኤ.አ. 1997 ባወጡት ጥናት የዚህን አባባል መነሻ መርምረው መሠረቱ ጠንካራ አለመሆኑን አሳይተዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት በሸዋ የተዘዋወሩ መንገደኞችም ሰፊ የታረሰና ዛፍ የሌለበት አገር ማየታቸውን ጽፈዋል። ይህ ማለት ግን ጥፋት አልደረሰም ማለት አይደለም። በመናገሻ፣ በጊንጪ አጠገብ በሚገኘው በጭሊሞና በጅባት የቀረው ደን የአንድ ሰፊ ደን ቁርጥራጭ መሆኑ በዓይን የሚታይ ነው። ባለሙያ የተጋነነ ቁጥር ሳያስፈልገው የጉዳቱን ክብደት ከአንድ የዋንዛ ሳንቃ ዋጋ ብቻ ሊረዳ ይችላል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የደኖቹም ባለቤትነት ተለወጠ። በ1972 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 192 ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ደነገገ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ደግሞ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከለከለ። ያ አዋጅ ከዚያ በኋላ በወጡት በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. የደን አዋጆች ቢተካም፣ አራቱ ስሞች በሙያው ሰዎች ልብ ውስጥ ተቀርጸው ቀርተዋል። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የጭሊሞ ደን የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚጠብቁት በመሆን በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኗል።

እንግዲህ የሙያው ሰው የቆመበት መስቀለኛ መንገድ ይህ ነው። አገሩ ለጠረጴዛ የሚስማማ እጅግ ጥሩ እንጨት አለው፤ የተረፈው ዛፍ ግን ሊቆረጥ አይገባውም። በምትኩ ከውጭ የሚገባው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ብሎኑ አንዴ ከተነቀለ መልሶ አይዝም። ሦስተኛው መንገድ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነው። ይኸውም ቀድሞ የተቆረጠው እንጨት ነው።

በቤት ውስጥ የቆመው ደን

የምዕራብ ሸዋ ጥሩ እንጨት ከፊሉ ዛሬ የሚገኘው በጫካ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። በምሰሶነት፣ በወራጅነት፣ በመቃንነት፣ በሳንቃ በርነትና በአሮጌ ዴስክነት ቆሞ ይኖራል። መንገድ ሲሰፋ፣ ቤቱ በብሎኬት ሲተካ፣ ትምህርት ቤቱ ሲታደስ ይህ እንጨት ይወርዳል። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ከተመረጠችና በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት አዲስ መንገድና ማረፊያ ከተሠራላት ወዲህ አካባቢው የግንባታ አካባቢ ሆኗል። ግንባታ ባለበት ማፍረስም አለ። ከፈረሰው ቤት የወጣው ምሰሶ ባለሙያ ካላየው የሚጠብቀው ምድጃ ነው። ሰማንያ ዓመት ያደገና ሃምሳ ዓመት ጣሪያ የተሸከመ እንጨት በአንድ ቀን ድግስ ዐመድ ሊሆን ይችላል።

አሮጌው እንጨት ከአዲሱ የሚሻልባቸው ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ደርቋል። አዲስ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት በነፋስ ሲደርቅ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል እንደሚፈጅ የሙያው ልማዳዊ ስሌት ያመለክታል፤ በጣሪያ ሥር የኖረው ግን ይህን ሂደት ከጨረሰ ቆይቷል። ሁለተኛ፣ በምድጃ ጢስ የታጠነ እንጨት ነፍሳት አይደፍሩትም። ሦስተኛ፣ ተፈትኗል። ሊሰነጠቅ የነበረው ተሰንጥቋል፤ ሊጣመም የነበረውም ተጣሟል፤ ጉድለቱ ከሥራ በፊት በግልጽ ይታያል።

በሌላውም ዓለም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሬዞሉት የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በእ.ኤ.አ. 1854 በሰሜን ዋልታ ባሕር በበረዶ ተይዛ ተተወች፤ በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኞች አገኟት፣ በ1856ም ለእንግሊዝ ተመለሰች። በ1879 ስትፈርስ ከወጣው የኦክ እንጨት አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ ተሠርቶ በ1880 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለረዘርፎርድ ሄይዝ ላኩት። ጠረጴዛው ብዙ ፕሬዚዳንቶች የሠሩበት ሆኗል። የበረዶ ባሕርን የተቋቋመ እንጨት ለወረቀት ሥራ እንዳልተናቀ ሁሉ፣ የወንጪን ክረምት የተቋቋመ ምሰሶም ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ አያንስም።

የጠረጴዛው አሠራር

አሮጌ እንጨት መምረጥ በጆሮም በዓይንም የሚሠራ ነው። በመዶሻ ጀርባ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ውስጡ በስብሷል ወይም በምስጥ ተበልቷል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች የነቀዝ ምልክት ናቸው፤ ከቀዳዳው ትኩስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነፍሳቱ ገና በሕይወት ስላሉ እንጨቱ ወደ ወርክሾፕ መግባት የለበትም። በመሬት የተቀበረው የምሰሶ ጫፍ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ስለሆነ ጤነኛው ክፍል እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። ከዚያም ሚስማር ፍለጋ ይከተላል። በሽቦ ብሩሽ አፈሩን አራግፎ፣ በማግኔት ዳስሶ፣ እያንዳንዱን ሚስማር በፒንሳ መንቀል ግድ ነው። አንድ የተረሳ ሚስማር የመጋዝ ጥርስ ይሰብራል፤ በሞተር መጋዝ ላይም የሠራተኛውን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ስንት ምሰሶ አንድ ጠረጴዛ ይወጣዋል? ስሌቱ ይህን ይመስላል። ርዝመቱ 140፣ ወርዱ 70፣ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ቢታሰብ፣ ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትርና ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ምሰሶ በአራት ማዕዘን ሲጠረብ 14 በ14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህም በሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ግማሽ በ4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሦስት ሳንቃ ይሰጣል። በጠቅላላው የሚገኙት ስድስት ሳንቃዎች ጠርዛቸው ተስተካክሎ ጎን ለጎን ሲጋጠሙ የጠረጴዛውን ገጽ ይሸፍናሉ። ከሁለተኛው ምሰሶ የሚቆረጥ 75 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በአራት ሲከፈል አራት እግሮች ይወጡታል፤ የተረፈው እግሮቹን ከላይ የሚያያይዙት አራት አግዳሚዎች ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ጤናማ ምሰሶ አንድ ሙሉ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነው። አንድ ጎጆ ሲፈርስ ምን ያህል የቢሮ ዕቃ እንደሚቃጠል ከዚህ መገመት ይቻላል።

የተሰነጠቀው ሳንቃ ወዲያው ለሥራ አይውልም። እንጨት ምንም ያህል ቢያረጅ ሲሰነጠቅ በውስጡ የቆየው ውጥረት ይለቀቅና ይንቀሳቀሳል። በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ በጥላ ሥር ጥቂት ሳምንታት ሊያርፍ ይገባል። በ4 ሳንቲ ሜትር የተሰነጠቀው፣ ጥመቱ ሁሉ በመላጊያ ከወጣ በኋላ የ3 ሳንቲ ሜትር ገጽ ይሆናል። የትዕግሥት ዋጋ ያቺ 1 ሳንቲ ሜትር ናት።

የጠረጴዛ ጥንካሬ ያለው በመገጣጠሚያው ላይ ነው። እግሩ በመሮ ይፈለፈላል፤ የአግዳሚው ጫፍ በምላስ መልክ ተቀርጾ ይገባበታል። የምላሱ ውፍረት የአግዳሚውን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ጥልቀቱም ከ4 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል። ከኮላው በተጨማሪ በጎን በኩል ከወይራ የተቀረጸ ችካል ቢመታበት መገጣጠሚያው ኮላው ቢያረጅ እንኳ አይላቀቅም። ወይራ ለትልቅ ሳንቃ አስቸጋሪ ቢሆንም ለችካል ከሁሉ ይበልጣል።

ብዙ ጠረጴዛ የሚበላሸው ገጹ በእግሮቹ ላይ በሚታሠርበት ጊዜ ነው። እንጨት በርዝመቱ አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በክረምት እርጥበት ይሰፋል፣ በበጋ ድርቀት ይጠባል። የ70 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ገጽ በወቅቶች መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ሊንቀሳቀስ ይችላል። ገጹ በሚስማር ተቸንክሮ ከታሠረ መንቀሳቀሻ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። መፍትሔው የብሎኑን ቀዳዳ በወርድ በኩል ሞላላ አድርጎ መብሳት ነው፤ ያን ጊዜ ገጹ ከእግሮቹ ሳይላቀቅ እንደ ወቅቱ ይተነፍሳል። ለማጠናቀቂያውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሸዋ ደጋ የሚመረተው የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተቀብቶ በመጨረሻ በሰም ሲወለወል ለዋንዛና ለኮሶ የሚሰጠው መልክ ከማንኛውም ቫርኒሽ አያንስም። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጦ መጣል ክልክል ነው፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል።

የባለሙያው ኃላፊነት

የአሮጌ እንጨት ሥራ ያለ ጥንቃቄ ከተስፋፋ ራሱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። አሮጌ ዋንዛ ዋጋ ሲያወጣ ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው፣ ትኩሱን እንጨት በጢስ አጥቁሮ አሮጌ ነው ብሎ ማቅረብ ነው። ይህ ከተፈቀደ አሮጌው እንጨት ለደኑ ጋሻ መሆኑ ቀርቶ ለሕገወጥ ቆረጣ መሸሸጊያ ይሆናል። ባለሙያ ግን አይታለልም። እውነተኛ አሮጌ እንጨት የሚስማር ዝገት ጥቁረት፣ የመጥረቢያ ጥርብ ምልክትና የቀድሞ መገጣጠሚያ ቀዳዳ አለው፤ ሲሰነጠቅም ውስጡ ደረቅ ነው። ጢስ ላይ ላዩን ሊቀባ ይችላል፤ የሃምሳ ዓመት ድርቀት ግን በአንድ ሌሊት አይገኝም።

ሁለተኛው ፈተና ሊፈርስ የማይገባውን ለእንጨቱ ሲባል ማፍረስ ነው። የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን በር፣ የጥንት ቤት ምሰሶ፣ የታሪክ ቅርስነት ያለው ሕንፃ ጣውላ የጠረጴዛ ጥሬ ዕቃ አይደለም። አዲስ ዓለም የቆመው ማንም አፍርሶ እንጨቱን ስላልወሰደው ነው። የመልሶ መጠቀም የመጀመሪያው ደረጃ ዕቃውን በነበረበት መጠበቅ፣ ሁለተኛው መጠገን ነው፤ መለወጥ የሚመጣው ሁለቱ የማይቻሉ ሲሆን ብቻ ነው።

በመሆኑም በየከተማው ያለ ባለሙያ አንድ ቀላል ልማድ ሊያዳብር ይገባዋል። ቤት ሲፈርስ ከእሳቱ በፊት መድረስ፣ የወጣው እንጨት ከየትኛው ቤት፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን ሆኖ እንደኖረ መመዝገብ፣ በተሠራው ጠረጴዛ ውስጣዊ ገጽም ላይ ይህንኑ በአጭሩ መጻፍ። ይህ ጽሑፍ ገዢውን ከመታለል፣ ሠሪውን ከመጠርጠር፣ ደኑንም ከመጋዝ ያድናል። ከዚህም በላይ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚጽፈው የወረዳ ጸሐፊ ወይም የአምቦ ተማሪ፣ ክንዱን ያሳረፈበት እንጨት ከእርሱ በፊት የማንን ጣሪያ ተሸክሞ እንደነበረ ያውቃል።

በወንጪ ገደል ላይ የቀሩት የጥድና የኮሶ ዛፎች ሥራቸውን በቆሙበት እየሠሩ ነው፤ አፈር ይይዛሉ፣ የሐይቁን ውኃ ይጠብቃሉ። የጠረጴዛው ድርሻ ቀድሞ በወደቁት ሊሟላ ይችላል።